ኤፔክስ ሎኬተሩና ራጁ ሲለያዩ የስር ቦዩን ርዝመት በየትኛው እንወስን?

ጥያቄ
ከ፦ ጀማሪ የጥርስ ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። የስር ሕክምና ስሠራ የቦዩን ርዝመት በኤፔክስ ሎኬተር (የቦዩን መውጫ በኤሌክትሪክ በሚፈልግ መሣሪያ) ለክቼ፣ ፋይሉ (ቦዩን የምናጸዳበት ቀጭን የብረት መሣሪያ) በቦዩ ውስጥ እንዳለ ራጅ በማንሳት አረጋግጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ይስማማሉ፤ ቢለያዩም ልዩነቱ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። አሁን ያጋጠመኝ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአንድ የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ፣ በላንቃ በኩል ባለው ስር ውስጥ 15 ቁጥር ፋይል 20.5 ሚሊሜትር ሲገባ መሣሪያው «ኤፔክስ» የሚለውን ምልክት ያሳያል፤ በራጁ ላይ ግን የፋይሉ ጫፍ ከስሩ ጫፍ ለመድረስ 2 ሚሊሜትር ያህል ይቀረዋል።

ታካሚው ጎልማሳ ናቸው። የጥርሱ ነርቭ ሞቷል፤ በስሩ ጫፍ ዙሪያም ትንሽ ጥቁር ጥላ ይታያል። በጥርሱ ላይ ሰፊ የአማልጋም ሙሌት አለ፤ ቀዳዳውን የከፈትኩት ሙሌቱን ሳላነሳ በመሐሉ ነው። መሣሪያውን አምኜ በ20.5 ብቆምና ስህተት ሆኖ ቢገኝ፣ የተበከለ የቦይ ክፍል ሳይጸዳ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ። ራጁን አምኜ ወደ 22 ብገፋ ደግሞ ከስሩ ወጥቼ አጥንቱን እንዳልጎዳና ቆሻሻውን ወደ ውጭ እንዳልገፋ እፈራለሁ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የትኛውን ነው ማመን ያለብኝ?

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄም አለኝ። በመሣሪያው ስክሪን ላይ ያለው «0.5» ምልክት ከቦዩ መውጫ ግማሽ ሚሊሜትር መቅረቱን የሚያመለክት ነውን? ሥራዬን ስጀምር የተነገረኝ እንደዚያ ነበር፤ በኋላ ግን ይህን የሚቃወም አስተያየት ሰማሁ።

መልስ
ከ፦ የስር ሕክምና ስፔሻሊስት

ውድ ባልደረባዬ፣ ጥያቄዎ በደንብ የታሰበበት ነው፤ ለመመለስም ሁለቱ መሣሪያዎች በትክክል ምን እንደሚያሳዩን ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ራጅ የሚያሳየን የስሩን ጫፍ ነው። ኤፔክስ ሎኬተር የሚፈልገው ግን የቦዩን መውጫ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ነጥብ ላይ የሚገኙባቸው ጥርሶች ቢኖሩም፣ በአብዛኞቹ ጥርሶች መውጫው ከስሩ ጫፍ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ በአንዱ ጎን ይከፈታል። ርቀቱ በብዙ ጥርሶች ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ሆኖም እስከ 3 ሚሊሜትር የሚርቅባቸውም አሉ። ስለዚህ እርስዎ ያዩት የ2 ሚሊሜትር ልዩነት ብቻውን ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ትክክል ሆነው ሊለያዩ ይችላሉ።

በተለይ የጠቀሱት ስር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ የላንቃ ስር ብዙውን ጊዜ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ወደ ጉንጭ አቅጣጫ ይታጠፋል። የራጁ ጨረር የሚመጣው ደግሞ ከጉንጭ በኩል በመሆኑ፣ እጥፋቱ በጨረሩ መስመር ላይ ስለሚውል በምስሉ ላይ ፈጽሞ አይታይም፤ ስሩም ቀጥ ያለ መስሎ ይቀርባል። ቦዩ በጉንጭ በኩል በስሩ ገጽ ላይ ከጫፉ በፊት ከተከፈተ፣ ፋይሉ በትክክል መውጫው ላይ ቆሞ እንኳ በምስሉ ላይ አጭር ሆኖ ይታያል፤ ከፋይሉ ጫፍ በላይ የሚታየው 2 ሚሊሜትርም ቦዩ የማያልፍበት የስር አካል ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ፋይሉ በራጁ ላይ የስሩን ጫፍ እስኪነካ ድረስ ቢገፉት፣ ምስሉ ያማረ ቢመስልም ፋይሉ ከስሩ ውጭ ነው። እኔ በግሌ ከሁሉ ይበልጥ የምጠነቀቀው ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ራጁ ስህተቱን ከማጋለጥ ይልቅ ያጸድቀዋል።

መሣሪያው ስለሚሠራበት መንገድ ጥቂት ልጨምር፤ የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ እዚያ ውስጥ ነውና። የስር ቦይን ርዝመት በኤሌክትሪክ የመለካት ሐሳብ በ1918 በከስተር ቀርቦ ነበር። በ1942 ሱዙኪ በውሾች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በቦይ ውስጥ ባለ መሣሪያና በአፍ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ባለ ኤሌክትሮድ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም ቋሚ መሆኑን ተመለከተ፤ በ1962 ደግሞ ሱናዳ ይህንኑ ወደ ሕክምና አምጥቶ፣ የፋይሉ ጫፍ ስሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያገናኘው ጅማት ጋ ሲደርስ መቋቋሙ 6.5 ኪሎ ኦም ገደማ እንደሚሆን አሳየ። በዚህ መርህ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ግን ቦዩ በደም፣ በመግል ወይም በማጠቢያ ፈሳሽ ሲሞላ ይሳሳቱ ስለነበር ቦዩን በደንብ ማድረቅ ግድ ነበር። ይህን ያሻሻለው በ1994 ኮባያሺና ሱዳ ያቀረቡት የምጥጥን ዘዴ ነው። ሩት ዜድኤክስ የተባለው መሣሪያ በ0.4 እና በ8 ኪሎኸርዝ ሁለት ድግግሞሾችን በአንድ ጊዜ ልኮ፣ የሁለቱን ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት ያለውን መቋቋም) ያካፍላል። ፋይሉ ከመውጫው ርቆ ሳለ ውጤቱ ወደ 1 የተጠጋ ነው፤ ወደ ቦዩ ጠባብ አንገት (ከመውጫው ትንሽ ቀደም ብሎ ቦዩ በጣም ወደሚጠብበት ቦታ) ሲቀርብ እየወረደ ሄዶ እዚያ ጋ 0.67 አካባቢ ይሆናል። የሚለካው ምጥጥን እንጂ ነጠላ መጠን ስላልሆነ፣ በቦዩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ዓይነት ውጤቱን እንደ ቀድሞው አያዛባውም።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ መሣሪያው ርቀትን የሚለካበት መንገድ የለውም። ስክሪኑ ላይ ያሉት «1» እና «0.5» ሚሊሜትር አይደሉም፤ የኤሌክትሪክ ምጥጥኑ የደረሰበትን ደረጃ የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። በ«0.5» ላይ ሲቆም ከመውጫው ያለው እውነተኛ ርቀት ከጥርስ ጥርስ ይለያያል። ከምልክቶቹ ሁሉ አስተማማኙ «ኤፔክስ» ወይም «0.0» ነው። ስለዚህ ፋይሉን ቀስ ብለው ወደ «0.0» ያድርሱት፤ ስቶፐሩን (በፋይሉ ላይ የሚንሸራተተውን የጎማ ምልክት) በጥርሱ ላይ ከመረጡት ቋሚ ነጥብ ጋር ያስተካክሉ፤ ፋይሉን አውጥተው በማስመሪያ ይለኩ፤ ከዚያ ከቁጥሩ ላይ 0.5 ሚሊሜትር ይቀንሱ። ኩትለር በ1955 ባሳተመው ጥናት ከጠባቡ አንገት እስከ መውጫው ያለው አማካይ ርቀት በወጣቶች 0.52፣ በዕድሜ በገፉት ደግሞ 0.66 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ የምንቀንሰው ግማሽ ሚሊሜትር መነሻው ይህ ነው። በእርስዎ ታካሚ፣ ንባቡ እውነተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ የሥራ ርዝመትዎ 20 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው።

መልስ
ከ፦ አጠቃላይ የጥርስ ሐኪም

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ «ንባቡ እውነተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ» በሚለው ሐረግ ላይ ብዙ ሥራ አለ። እኔን ያሳሰበኝ የአማልጋም ሙሌቱ ነው። ፋይሉ ብረት ነው፤ አማልጋሙም ብረት ነው። ፋይሉ የቀዳዳውን ጠርዝ ከነካ ወይም የጥርሱ ውስጠኛ ክፍል በማጠቢያ ፈሳሹ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ተሞልቶ ፈሳሹ ሙሌቱን ካገናኘ፣ ኤሌክትሪኩ በቦዩ ወርዶ ወደ ጅማቱ መሄዱን ትቶ በሙሌቱና በድዱ በኩል በከንፈር ላይ ወደተሰቀለው የመሣሪያው መንጠቆ ያመልጣል። ያን ጊዜ መሣሪያው ፋይሉ ገና መሐል መንገድ ላይ እያለ «ኤፔክስ» ሊል ይችላል። በብረት ዘውድ በኩል በተከፈቱ ጥርሶችም ችግሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚከተለውን እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ሩበር ዳሙ (ጥርሱን ከአፍ የሚለየው የጎማ ሽፋን) ምራቅ የማያስገባ መሆኑን ይመልከቱ። የጥርሱን ውስጠኛ ክፍል በጥጥ ያድርቁ፤ ቦዩ ውስጥ ያለው እርጥበት ግን ይቆይ፤ ፈጽሞ የደረቀ ቦይም ንባብ አይሰጥም። ከዚያ ለቦዩ ስፋት የሚመጥን ፋይል ይምረጡ። የላንቃ ስር ቦይ ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ 15 ቁጥር በውስጡ ልል ሆኖ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወደ 20 ወይም 25 ይሂዱና እንደገና ይለኩ። የፋይሉ መቆንጠጫ ሲነካ የፋይሉ አንገት ወደ አማልጋሙ እንዳይዘነብል በዓይንዎ እያዩ ይያዙት። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሙሌቱን ከቀዳዳው ዙሪያ መቁረጥ፣ ከዚያም ባይሆን ሙሉ በሙሉ አንስቶ ጥርሱን በጊዜያዊ መሙያ ማጠር የተሻለ ነው፤ እንዲያውም ከሥሩ የተደበቀ መቦርቦር ወይም ስንጥቅ ካለ በዚያው ይታያል።

የታመነ ንባብ በጠባዩ ይታወቃል። ፋይሉ ሲወርድ ጠቋሚው ቀስ በቀስ አብሮ ይወርዳል፤ ፋይሉን ሩብ ዙር ወደ ኋላ ሲመልሱት ጠቋሚውም ይመለሳል፤ ደግመው ሲያወርዱት እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል። የሐሰት ንባብ ግን ይዘላል፤ ፋይሉ ገና ቦዩ አፍ ላይ ሳለ ስክሪኑ በአንድ ጊዜ ሙሉ ይሆናል፣ ወይም ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን መጻፍ አያስፈልግም፤ ምክንያቱን መፈለግ ነው የሚገባው። ሽቦውንም አይርሱት፤ የከንፈሩን መንጠቆና የፋይሉን መቆንጠጫ እርስ በርስ ሲያነካኩ ስክሪኑ እስከ መጨረሻው ካልሞላ፣ ችግሩ በታካሚው ጥርስ ሳይሆን በሽቦው ላይ ነው።

ምላሽ
ከ፦ ጀማሪ የጥርስ ሐኪም

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታካሚው ዛሬ ተመልሰው መጥተው ስለነበር እንደተባለው አደረግሁ። በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን አማልጋም ቆርጬ፣ የጥርሱን ውስጥ በጥጥ አድርቄ፣ በ25 ቁጥር ፋይል ለካሁ። ጠቋሚው ያለ መዝለል ወርዶ 21 ሚሊሜትር ላይ «ኤፔክስ» አለ፤ ደጋግሜ ስለካውም ከዚያው አልተነቃነቀም። ስለዚህ የመጀመሪያው ንባብ በግማሽ ሚሊሜትር አጥሮ ነበር ማለት ነው፤ ይሁንና ራጁ ከሚለው ጋር ያለው ልዩነት አሁንም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የራጁን ቱቦ ወደ ጎን አዙሬ ሁለተኛ ምስልም አነሳሁ፤ ነገር ግን የጉንጭ አጥንቱ ጥላ በስሩ ጫፍ ላይ ስላረፈ በግልጽ ለማየት አልቻልኩም። ርዝመቱን 20.5 ብዬ ይዣለሁ።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልጠራልኝም። መሣሪያዎቹ ከ90 በመቶ በላይ ትክክል ናቸው ሲባል በብዛት እሰማለሁ። ይህ ቁጥር የሚገኘው በምን መንገድ ነው? ነርቩ በሞተና በስሩ ጫፍ ዙሪያ ጥላ ባለበት ጥርስስ እኩል ይሠራልን?

መልስ
ከ፦ የጥርስ ሕክምና መምህር

ቁጥሮቹ የሚገኙበትን መንገድ ማወቅ ተገቢ ነው፤ ብዙዎቻችን መቶኛውን ብቻ ይዘን እንሄዳለንና። በጣም የሚታመነው የጥናት ዓይነት በሌላ ምክንያት እንዲነቀሉ በተወሰነባቸው ጥርሶች ላይ የሚደረገው ነው። ጥርሱ ገና በአፍ ውስጥ እያለ በመሣሪያው ይለካል፤ መሣሪያው ባመለከተበት ቦታ ፋይሉ በሲሚንቶ ይጣበቃል፤ ጥርሱ ከእነ ፋይሉ ይነቀላል፤ ከዚያ የስሩ የመጨረሻ ጥቂት ሚሊሜትር ቦዩና የፋይሉ ጫፍ እስኪገለጡ ድረስ በጥንቃቄ ይሞረዳል፤ የፋይሉ ጫፍ ከመውጫው ምን ያህል እንደራቀ በማይክሮስኮፕ ይለካል። ሌላኛው መንገድ የተነቀሉ ጥርሶችን በአልጂኔት (የጥርስ ቅርጽ በሚወሰድበት ልዝብ ነገር) ወይም በጨው ውሃ ውስጥ ተክሎ መለካት ነው፤ ይህ ቀላል ቢሆንም የሕያው ጅማትና የአጥንትን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ለምሳሌ በ1996 የታተመውና ሻባሃንግና ባልደረቦቹ ሩት ዜድኤክስን በሰው አፍ ውስጥ የፈተኑበት ጥናት፣ በግማሽ ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ ልዩነት ውስጥ 96.2 በመቶ ትክክለኛነት አግኝቷል። ጥናቱ የተደረገው ግን በ26 ቦዮች ላይ ነው፤ ይህም ማለት 25ቱ ተሳክተው አንዱ ከወሰኑ ወጥቷል ማለት ነው። በ1999 ኡንሲና ናማን በተነቀሉ ጥርሶች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ በተመሳሳዩ ወሰን ውጤቱ ወደ 85 በመቶ ነበር፤ እነርሱም መሣሪያው ሊያገለግል የሚገባው ጠባቡን አንገት ለማግኘት ሳይሆን መውጫውን ለማግኘት ነው ብለው ደምድመዋል። ከላይ ስፔሻሊስቱ ስለ «0.5» ምልክት የገለጹትን የሚያጠናክር ነው። አንዱን ጥናት ከሌላው ስናወዳድር የተፈቀደው ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር ነው ወይስ አንድ ሚሊሜትር፣ የተለካውስ እስከ መውጫው ነው ወይስ እስከ ጠባቡ አንገት የሚለውን ሳንመለከት መቶኛዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አያስኬድም።

ነርቩ በሞተ ጥርስ ላይ የዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ትክክለኛነት ነርቩ ሕያው ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ለሥራ የሚያሰጋ ልዩነት አያሳይም። ሆኖም ነርቩ ከሞተ ብዙ ጊዜ ባለፈው ጥርስ ላይ የስሩ ጫፍ በበሽታው ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጠባቡ አንገት ራሱ ጠፍቶ መውጫው ሰፍቷል። መውጫው በጣም በሰፋበት፣ እንዲሁም የልጆች ስር ገና አድጎ ባልተዘጋበት ጊዜ መሣሪያው ወደ አጭር ንባብ ያዘነብላል፤ በተለይም ቀጭን ፋይል ከተጠቀምን። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ ከስፔሻሊስቱ በጥቂቱ እለያለሁ፦ በስሩ ጫፍ ዙሪያ ጥላ ባለበት ጥርስ የ2 ሚሊሜትር ልዩነትን በመውጫው አቀማመጥ ብቻ ለመግለጽ መቸኮል የለብንም። እርስዎ ወፍራም ፋይል ሲጠቀሙ ንባቡ ወደ 21 መርዘሙ ከሁለት ነገር አንዱን ያሳያል፤ ወይ አማልጋሙ ያስተጓጉል ነበር፣ ወይም ቦዩ ለ15 ቁጥር ሰፊ ነበር። የወረቀት ነጥብም (ቦይ የሚደረቅበትን ሹል የወረቀት ዘንግ) ይሞክሩ። ቦዩን ካደረቁ በኋላ ደረቅ የወረቀት ነጥብ በለኩት ርዝመት አስገብተው ሲያወጡ ጫፉ ብቻ በደም ወይም በፈሳሽ ከረጠበ፣ እስከ እርጥበቱ ወሰን ያለው ደረቅ ክፍል የመውጫውን ቦታ ያመለክታል። ከመሣሪያውም ከራጁም የተለየ፣ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ምስክር ነው።

ራጁም ራሱ ይፈተሽ። በምስሉ ላይ ያለውን የፋይሉን ርዝመት ከስቶፐሩ እስከ ጫፉ ይለኩት፤ 21 ሚሊሜትር የሆነው ፋይል በምስሉ ላይ 23 ሆኖ ከተገኘ ምስሉ ተለጥጧል፤ ቀረ የተባለውም ርቀት በዚያው መጠን ተጋንኗል። በላይኛው መንጋጋ አካባቢ ላንቃው ዝቅ ያለ ሲሆን ፊልሙን ከጥርሱ ጋር ትይዩ አድርጎ መያዝ አስቸጋሪ ስለሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

መልስ
ከ፦ የስር ሕክምና ስፔሻሊስት

መምህሩ የሰጡትን እርማት እቀበላለሁ፤ የወረቀት ነጥቡን ሐሳብም እደግፋለሁ። የአውሮፓ ኢንዶዶንቲክስ ማኅበር የ2006 መመሪያም ርዝመቱ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተለክቶ በራጅ እንዲረጋገጥ ይመክራል፤ ስለዚህ ራጁን እንተወው የሚል አስተሳሰብ ከእኔ መልስ እንዳይወሰድ አደራ እላለሁ። ራጁ የስሩን ቁጥርና እጥፋት፣ ፋይሉ በቦዩ ውስጥ መሆኑንና በስር ግድግዳ በኩል ቀዶ አለመውጣቱን ያሳያል። ኤፔክስ ሎኬተር ግን በስር ግድግዳ ላይ በተሠራ ቀዳዳ በኩል የወጣ ፋይልንም «ኤፔክስ» ይለዋል፤ ፋይሉ የነካው ያንኑ ጅማት ነውና። ንባቡ ከሚጠበቀው ርዝመት 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ቢያጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

በእርስዎ ታካሚ 20.5 ይዘው መቀጠል ይችላሉ። ይሁንና የቦዩን የላይኛውን ክፍል ካሰፉ በኋላ፣ ወደ ጫፉ ከመውረድዎ በፊት እንደገና ይለኩ። በታጠፈ ቦይ ውስጥ ፋይሉ የሚሄድበት መንገድ ከሰፋ በኋላ ቀጥ ስለሚል ርዝመቱ በትንሹ ያጥራል፤ መጀመሪያ የተለካውን ቁጥር እስከ መጨረሻ ይዞ መሄድ ሳይታወቅ ከመውጫው ለማለፍ ይዳርጋል። የላይኛው ክፍል ከሰፋ በኋላ የሚወሰደው ንባብም ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ፋይሉ በመንገዱ ላይ ሳይያዝ ጫፉ ጋ ብቻ ስለሚነካ። ታካሚው የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለላቸው ከሆነ ደግሞ ከመለካትዎ በፊት የልብ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ በዘመናዊ መሣሪያዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች አደጋው ዝቅተኛ መሆኑን ቢያሳዩም፣ አምራቾች አሁንም በመመሪያቸው ላይ ማስጠንቀቂያውን ያስቀምጣሉ።